ቁጣ የጠፋበት ቤተ መንግሥት

ዴንቨር አጠገብ ባለው የኦሪጅናል ኦሮራ ሰፈር ውስጥ ፀዳልን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ገና ዘመድ ያልሞተበት ሰው ነው። በኮልፋክስ ጎዳና ዙሪያ ባሉት አሮጌ አፓርታማዎች የሚኖር ሰው አገር ቤት እናቱ ወይም ወንድሙ ሲሞትበት፣ ቤተሰቦቹ የሚደውሉት ለእሱ አይደለም። ለዕድሩ ይደውላሉ፤ ዕድሩ ደግሞ ለፀዳል። መርዶ እንዴት እንደሚነገር፣ ከዚያም በላይ እስኪነገር ድረስ እንዴት እንደሚደበቅ፣ የእሷን ያህል የሚያውቅበት የለም።

ነገሩ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ የባለሐዘኑ አለቃ ይፈለግና፣ ሰውዬው ራሱ ሳያውቅ ፈቃድ ይጠየቅለታል። ቀጥሎ አንድ የቅርብ ወዳጅ ይመደብለታል፤ ቤቱ ሄዶ ያጫውተዋል፣ አብሮት ይበላል፣ ሰበብ ፈልጎ ስልኩን ይወስድበታል፤ ዛሬ ከሽማግሌ ይልቅ ፌስቡክ ይቀድማልና። ከዚያ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይጠበቃል። አሜሪካ ውስጥ ሞትም ቢሆን ዊኬንድ ሳይደርስ አይነገርም። ቀኑ ሲደርስ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ መኪናዎች ሕንጻው ሥር ይቆማሉ፤ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ሴቶች ይከተላሉ፣ በሩ ይንኳኳል።

ሽማግሌው አብዛኛውን ጊዜ ጋሽ ተኽለሚካኤል ናቸው። አስመራ ተወልደው አማርኛን በአርጩሜ የተማሩ፣ ዛሬ ግን ከብዙዎቻችን አሳምረው የሚናገሩት፣ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው በቫን የሚያመላልሱ ሰው ናቸው። የሚኖሩት ከፀዳል በታች ባለው ፎቅ ነው። ሐዘን ቤት አብረው ይገባሉ፤ ፓርኪንግ ላይ ግን ጠላቶች ናቸው። እሷ ሥራ ውላ ስትመለስ፣ ድካም ይጥላትና መኪናዋን የእሳቸው ቫን የሚቆምበት ቦታ ላይ ትገትረዋለች። እሳቸው በረንዳ ላይ ወጥተው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ የአባትሽ ርስት ነው?» እያሉ ሕንጻውን ያናውጡታል። ለዓመታት ያልበረደ ጠብ ነው።

ባለፈው ዓመት ሴንትራል ፓርክ በሚባለው ሰፈር ለምትኖረው ለወዳጇ ለነብያት የአባቷን ሞት ያረዷት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። በዋዜማው ፀዳል እራት ይዛ ሄደች፤ «የእኔ ባትሪ ሞቶብኛል» ብላ የነብያትን ስልክ ተቀበለች፤ ሆዷን እስኪያማት አሳቀቻት። ንጋት ላይ ነብያት የፀዳልን ነጠላ አንቃ ይዛ «ትናንት አብረሽኝ ስትስቂ ታውቂ ነበር?» አለቻት። ፀዳል «አውቅ ነበር» አለች፤ ቅንጣት አልተሸማቀቀችም። አንድ ሌሊት የሰላም እንቅልፍ ሰጥቻታለሁ ብላ ታምን ነበር፤ ሲጠይቋትም ይህንኑ ትል ነበር።

እንግልውድ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ውስጥ ከአንዲት ሕንዳዊት አሮጊት ጋር የተከራከረችውም በዚሁ ነገር ነው።

ፀዳል የምትሠራው ሆም ኬር ነው፤ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ቤታቸው ሄዳ ትጦራለች። እማማ ኪሾሪ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ምላሳቸው ግን አሁንም አዲስ ምላጭ ነው። ብቸኛ ልጃቸው ካሊፎርኒያ ሆና በስልክ ታስተዳድራቸዋለች። ያደጉት ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ አመላቸውም ከዚያ ገና አልወጣም። «ይህ ሻይ ነው ወይስ የእግር መታጠቢያ?» ይሏታል ጠዋት ጠዋት። ትራሱ ዝቅ አለ፣ መጋረጃው ተንጋደደ፣ ዘገየሽ፣ ደግሞ ቸኮልሽ። መጀመሪያ ሰሞን ፀዳል መኪናዋ ውስጥ ገብታ ታለቅስ ነበር። ኋላ ለመደችው፤ እንዲያውም ሳይቆጧት ሲያረፍዱ ያመማቸው እየመሰላት ግንባራቸውን ትዳስሳለች።

አባታቸው ሕንድ ውስጥ ራጃ፣ ማለትም የአንዲት ግዛት ንጉሥ ነበሩ። የግዛቲቱን ስም ፀዳል ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለት ጊዜ ረስታዋለች። ግዛቷ ትንሽ ናት፤ በፈረስ ከጠዋት እስከ ማታ ታልቃለች። ቤተ መንግሥቱ ግን ለጉድ ነበር። ግድግዳው ቢጫ ድንጋይ፣ የሴቶቹ መኖሪያ መስኮት ደግሞ እንደ ወንፊት የተፈለፈለ፤ ከውስጥ ያለው የውጭውን ያያል፣ ከውጭ ያለው ግን የውስጡን አያይም። በበጋ አንድ አሽከር ከግድግዳው ጀርባ ተጋድሞ ገመዱን በእግሩ ጣት እየጎተተ ከጣሪያ የተንጠለጠለውን የጨርቅ ማራገቢያ ያወዛውዝላቸው ነበር። ራጃው ችሎት ይቀመጣሉ፣ ሕዝብም እጅ ይነሳል። ማዶ ኮረብታው ላይ ግን ነጭ ቤት ነበር፤ በነጩ ቤትም አንድ የእንግሊዝ ሹም። ያለ እሱ ፈቃድ ራጃው ከግዛታቸው አይወጡም፣ ወራሽ አይሰይሙም። በበዓል ቀን መድፉ ስንት ጊዜ እንደሚጮህ እንኳ የሚወስነው እሱ ነበር።

«ታዲያ ይሄ ምኑ ንጉሥ ነው?» አለች ፀዳል ይህን ስትሰማ።

«የቤታችን ንጉሥ ነው» አሉ ኪሾሪ። «ካልሲውን እንኳ ሳይፈልግ የሚያገኝ ሰው ነበር፤ ምን ቀረበት?»

በአንድ የድርቅ ዓመት ራጃው ከገበሬው ግብር አልሰበስብም አሉ። አንድ ጠዋት የሹሙ መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። ኪሾሪ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ «አባትሽ አደን ሄደዋል» ተባሉ። ራጃው በሩቅ ከተማ እንደታሰሩ ሞቱ። ሹሙ ግን ወራሹ በእንግሊዞች ዘንድ እስኪጸድቅ ድረስ ከቤተ መንግሥቱ የለቅሶ ድምፅ እንዳይሰማ አዘዘ። እናም ቤቱ በሙሉ ተማክሮ ዋሸ። ጫማ ጠራጊው የራጃውን ጫማ በየጠዋቱ ወልውሎ በራቸው ላይ ያስቀምጣል። ምሳቸው ይቀርባል፣ ሳይነካ ይነሳል።

«እኔን ግን አንድ ነገር ግራ አጋባኝ» አሉ ኪሾሪ። «የሚቆጣኝ ሰው ጠፋ። ማንጎ ሰርቄ በላሁ፣ ዝም። የአያቴን ሽቶ ደፋሁ፣ ዝም። ድሮ ለዚህ ጥፊ ነበር የምቀምሰው። ጨነቀኝ። አንድ ቀን የአባቴን ጫማ ከበሩ ላይ አንስቼ የአዳራሹን መስተዋት መታሁበት። ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስተዋት ነው። እንክትክቱ ወጣ። ጫማ ጠራጊው መጣ፤ ጫማውን ከስባሪው መሀል አወጣ፣ ወለወለ፣ ቦታው መለሰው። አያቴም መጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። አባቴ መሞቱን ያን ጊዜ አወቅኩ።»

ፀዳል አዘነችላቸው፤ ሆኖም ሙያዋ ተነክቶባት ነበር።

«እኛም አገር እንደዚያ ነው» አለች። «ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን ሆኖ መስማት የለበትም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ሰው ኖሮ ነው የሚነገረው። ይሄ እኮ ፍቅር ነው፣ እማማ።»

«የደበቅሽው ሰው አመስግኖሽ ያውቃል?»

«ውሎ አድሮ ያመሰግናል።»

«እኔ ሰማንያ ዓመት አለፈኝ» አሉ ኪሾሪ፤ «ገና አላመሰገንኩም። በይ አሁን ትራሱን ከፍ አድርጊው፣ መቼም አንድ ነገር በትክክል አትሠሪ።»

ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ሆቴል ሆኗል። ልጃቸው ፎቶውን ልካላቸው ነበር፤ በአባታቸው ክፍል በር ላይ የአንድ ቱሪስት ሰንደል ጫማ ተቀምጧል። ኪሾሪ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አይተው «አልተወለወለም» አሉ።

ፀዳልም የምትጠብቀው ሰው አላት። ልጇን ሊዑልን ትታው የወጣችው በስድስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ቤይሩት የሰው ቤት ሠራች፤ ከዚያ አሠሪዎቿ ለሕክምና ዴንቨር ሲመጡ ይዘዋት መጡ፤ አንድ ቀን ከእነሱ ዘንድ ወጥታ በዚያው አልተመለሰችም። ሊዑልን አዲስ አበባ እህቷ እታለም አሳደገችው። ወደ እናቱ የሚያመጣው ጉዳይ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ልጁ ጢም አወጣ፣ ጎንደር ሄዶ ተማረ፣ እዚያው ሥራ ያዘ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ጠራው። «እማዬ፣ ነገ በአውቶቡስ እነሳለሁ» አላት በስልክ፣ በዚያ ከሷ ጋር ሳይኖር በወፈረ ድምፁ። ፀዳል የዚያን ቀን ለእሱ ያዘጋጀቻትን ሁለተኛዋን ክፍል በሯን ገርበብ አድርጋ ብዙ ጊዜ ቆማ አየቻት። አልጋው ከተገዛ ቆይቷል። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ በየሳምንቱ ታጥበዋለች።

ሊዑል ከተነሳ በኋላ ስልኩ ጠፋ። መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም፤ መንገዱ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል፣ ኔትዎርክም ሲፈልግ ነው የሚሠራው። ፀዳል ግን እንቅልፍ አጣች። እህል አልወርድ አላት። መኪና ውስጥ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ትደውላለች፤ የዚያችን የቴሌ ሴትዮ ድምፅ ጠላችው።

ከዚያ አንድ ሐሙስ እህቷ እታለም ራሷ ደወለች።

«ደህና ነው ፀዲዬ፣ በሰው በኩል መልእክት ልኮብናል። መንገድ ተዘግቶበት ደብረ ማርቆስ ነው ያለው። ምንም አትሁኚ።»

ፀዳል እግዚአብሔርን አመሰገነች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከናት። እታለም ደውላ ሳታማርር ዘግታ አታውቅም። ኑሮ ተወደደ፣ ወገቤን ቆረጠኝ፣ ልጅሽ እንደ አባቱ ግትር ነው፣ ምክሬን አይሰማም፤ ጠቧን ሳታወጣ አትሰናበትም። ዛሬ ግን አላማረረችም። «ሊዑል እኮ የተባረከ ልጅ ነው» አለች። የተባረከ! ከእታለም አፍ! ፀዳል ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም።

በማግሥቱ ዓርብ ምናሉ ደወለላት። ምናሉ ሠራተኞችን ለየቤቱ የሚመድበው ልጅ ነው፤ እሑድ ሲመጣ ሰው ያጥረውና «ፀዲ፣ በናትሽ አንድ ሺፍት ብቻ» እያለ ይለማመጣታል።

«እሑድ ኦፍ ነሽ» አላት። «ሰው አግኝቻለሁ። እንደውም ሳምንቱን ረፍት አድርጊ፣ ደክሞሻል።»

«ማን ደከመኝ አለህ?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው» አለና ቶሎ ዘጋው።

ሥርዓቱ የሚጀምረው በአለቃ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ይህን ስልክ ለስንቱ አለቃ ደውላለች! ሆኖም ልቧ ሌላ ሰበብ ፈለገላት፤ ምናሉ ቢያዝንላት ነው፣ ሰው አግኝቶ ነው። የዕድሩን ዋትሳፕ ከፈተች። ስለ ሁሉም ነገር ሲንጫጫ የሚውለው ግሩፕ ጸጥ ብሏል። ለባለሐዘኑ ሲባል ሌላ ግሩፕ ይከፈታል፤ እሱ ብቻ የሌለበት። ይህንንም ዘዴ ያመጣችው እሷ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስትመለስ መኪናዋን ሆን ብላ የጋሽ ተኽለሚካኤል ቦታ ላይ አቆመችው። አቆመች ብቻ አይደለም፤ አግድም ገትራ የሁለት ሰው ቦታ ያዘች። ወርዳ ዕቃዋን ይዛ ሳትገባ ጠበቀች። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ወጡ። መኪናዋን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ደህና ዋልሽ ፀዲ» አሉ።

«ጋሼ፣ ቦታዎት ላይ እኮ አቆምኩ።»

«ምን ቸገረኝ ልጄ። እኔ መንገድ ላይ ፓርክ አደርጋለሁ።»

ፀዳል ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ልጠይቃቸው? ብጠይቃቸው ይዋሹኛል፤ እኔም ስንቱን ዋሽቻለሁ። ባይዋሹኝስ? ይህ ሁለተኛው ባሰባት። ስላልተነገራት ብቻ ልጇ ገና ደብረ ማርቆስ ነው፤ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ይርበዋል፣ እናቱን ይሳደባል። እስካልተነገራት ድረስ ማንም ከዚያ አያነሳውም።

አመሻሹ ላይ ነብያት እራት ይዛ መጣች።

«ዛሬ አብሬሽ ልደር ብዬ» አለች እየሳቀች። ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም። ገና ሳትቀመጥ «ፀዲዬ፣ ስልክሽን ታውሺኛለሽ? የእኔ ባትሪ ሞቶብኛል» አለች።

ቃል በቃል የባለፈው ዓመት የፀዳል ሰበብ ነው። ነብያት በጭካኔ አይደለም የመጣችው፤ ፀዳል ያሳየቻትን ነው የሠራችው፣ ሌላ መንገድ የሚያውቅም የለም። ፀዳል ያን ስልክ «አልሰጥም» ብትል፣ «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ብትጮህ፣ ያኔውኑ ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። አላለችም። ስልኳን አውጥታ ሰጠቻት። ከዚያ ቁጭ ብላ በላች። ነብያት ቀልድ ስታወራላት ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ለጠላትም አይስጥ።

«የሊዑል አልጋ ላይ ተኚ» አለቻት በመጨረሻ። «አንሶላው ንጹሕ ነው።»

«አይ፣ እኔስ ሶፋው ይሻለኛል» አለች ነብያት፤ አንገቷንም አላቀናችም።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ፀዳል ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። መርዶ ነጋሪ ቤት የሌለን ሰው አያረዳም። ቱ ትዌንቲ ፋይቭ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛ ወደ ደቡብ ስትነዳ መንገዱ ባዶ ነበር። የት እንደምትሄድ አላሰበችም፤ እጇ ያመጣት የለመደችው ቤት ነው። በዚህ አገር አሁንም የሚቆጣት አንድ ሰው ቀርቷታል።

ቁልፍ ስለነበራት ከፍታ ገባች። ተተኪዋ ሠራተኛ ገና አልደረሰችም። ኪሾሪ ነቅተው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ዛሬ ረፍትሽ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለች ፀዳል፤ ቆማ ቁጣውን ጠበቀች። ሳይጠሯት መምጣት፣ በዚህ ሰዓት፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ። ከእነዚህ ለአንዷ ጥፋት ብቻ ግማሽ ቀን ስድብ ይወርድባት ነበር።

«ግቢ፣ ብርድ ነው» ብቻ አሉ ኪሾሪ።

«ሌላ ሰው እንደሚመጣ ነግረውዎታል?»

«ልጄ ትናንት ደውላ ነበር።»

«ለምን እንደቀረሁ ነገረችዎት?»

ኪሾሪ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «መጋረጃው…» አሉና ተዉት። መጋረጃው ተንጋዷል። አላቃናችውም፤ እሳቸውም አቅኚው አላሏት።

ፀዳል ወደ ጓዳ ገባች። ውሃ ጣደች፣ ቅጠሉን ጨመረች፣ ወተቱን ጨመረች። እጇ ወደ ስኳሩ ሄዶ ተመለሰ። የጨዉን ዕቃ ከፈተችና በሾርባ ማንኪያ ሙሉ ዛቀች፤ ደግማ ዛቀች። እያማሰለች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት ይሁን እርግማን እሷም አታውቀውም። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፤ አሮጊቷ ሻዩን ግድግዳ ላይ ይደፉት፣ ስኒውን ይስበሩት፣ ከነዘር ማንዘሯ ይስደቧት። ያን ጊዜ ልጇ ደብረ ማርቆስ ነው።

ስኒውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ኪሾሪ ተቀብለው ወደ አፋቸው አስጠጉት። አንዴ ተጎነጩ። ጉሮሯቸው እምቢ ሲል፣ ዓይናቸው እንባ ሲያቀር ፀዳል ቆማ አየች። ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ዋጡት።

«ጥሩ ሻይ ነው» አሉ።

ፀዳል ከአልጋው ሥር በጉልበቷ ወደቀች። «ይቆጡኝ» አለች። «እማማ ኪሾሪ፣ ይቆጡኝ። የእግር መታጠቢያ ነው ይበሉኝ።» እንግሊዝኛው አለቀባት። «በሞቴ! በሞቴ ይቆጡኝ!» አለቻቸው በአማርኛ።

ኪሾሪ አማርኛ አያውቁም። ስኒውን ግን አላስቀመጡትም። ደግመው ተጎነጩ፤ እስከ መጨረሻው ጠጡት። ባዶውን ስኒ ጎናቸው አኑረው የፀዳልን ራስ ስበው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ምናሉ የምትሠራበትን ቤት ጠቁሟቸው ኖሮ፣ ከውጭ የጋሽ ተኽለሚካኤል ቫን ፍሬን ሲያቃስት ተሰማ፤ ቀጥሎ በሮቹ ተራ በተራ ተዘጉ።